ልባቸው ከዳነ በኋላ፦ የወይዘሮ ደጊቱ ባዬ ዜና ሕይወት

ኀዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ወይዘሮ ደጊቱ ከአባታቸው ከአቶ ባዬ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽቱ ካሳ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ ቅዳም አቅራቢያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በልጅነታቸው ደጋግሞ የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ልባቸውን ስለጎዳው ለማቋረጥ ተገደዱ።

ከአቶ አበረ ጋር ትዳር መሥርተው ዳንግላ ከገቡ በኋላ በገበያው ድንች ሲነግዱ ኖሩ፤ ድንቹን እየነካካ የሚያጣጥል ገዢ ሲገጥማቸው በአዊኛ ሰድበው በአማርኛ ይመርቁት ነበር፤ ሰውየው አዊኛ ሰሚ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እየሳቁ ምራቂ ይጨምሩለታል። ትዕግስትንና አሸናፊንም ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ልባቸው ክፉኛ ሲደክም አዲስ አበባ ተወስደው ቫልቩ፣ ማለት ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ በቀዶ ሕክምና ተቀየረላቸው፤ ልባቸው መዳኑን ስንሰማ እኛም እዚህ እልል ብለን በግ አረድን። በማግስቱ ግን ሆዳቸው ተነፍቶ ያሠቃያቸው ጀመር። ሐኪሞቹ ደማቸውን ሲመረምሩ፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት በቂ ደም ያልደረሰው አንጀታቸው መጎዳቱን የሚያሳይ ምልክት አገኙ፤ ሁለተኛው ምርመራም ምልክቱ እየጨመረ መሄዱን ስላሳየ፣ ሆዳቸው ሳይውል ሳያድር መከፈት እንዳለበት ነግረው አቶ አበረ እንዲፈርሙ ጠየቁ።

አቶ አበረ ግን የሚስት ዘመድ ሳይማከር ደግሞ ለቢላ መስጠት፣ ክፉ ቢመጣ ከቤተሰቧ የሚያቆራርጥ መስሎ ስለታያቸው፣ የታላቅ ወንድሟን የአቶ አየነውን ቃል ልስማ ብለው ኔትወርክ ወደ ጠፋበት ወደ ጥሊሊ ሲደውሉ ዋሉ። አቶ አየነው የተገኙት ሲመሽ ነበር፤ እርሳቸውም ምን ያማክረኛል፣ ቶሎ ሆዷን ይክፈቱላት እንጂ አሉ። አቶ አበረ ፈርመው የወይዘሮ ደጊቱ ሆድ ሲከፈት አብዛኛው አንጀታቸው ሞቶ ስለነበር፣ ሳይነቁ ዐረፉ።

ይህ በዜና ሕይወታቸው ሳይነገር እንዳይታለፍ ያዘዙት ራሳቸው አቶ አበረ ናቸው። ያን ሁሉ ሰዓት የደወሉት ከባለቤታቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ወይዘሮ ደጊቱም በሕመም ቢሠቃዩም አእምሯቸውን አልሳቱም፣ መናገርም ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወይዘሮ ደጊቱ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ተለይተውናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎች ማረፊያ ያኑርልን። አቶ አበረ ግን ለራሳቸው መጽናናትን ለምኑልኝ አላሉንም፤ ደጊቱ ይቅር እንድትለኝ ለምኑልኝ ነው ያሉት። እንለምንላቸው። አሜን።