ስለ ትከሻዋ ምልክት የተላከ ሙገሳ

ቃሏን የሰጠችው፦ በግቢው «ፖስታ ቤት» በሚል ስም የምትታወቅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ዕድሜ፦ 21
አድራሻ፦ የሴቶች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ያለው ክፍል
ቀን፦ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ
የተጠየቀችበት ጉዳይ፦ ሰኞ ዕለት ኮፒ ቤቱ በር ላይ በአንድ ተማሪ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር እውነቱን እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን በፈቃዴ ተናግሬአለሁ። ፖስታ ቤት የተባልኩት የተማሪዎችን ሙገሳ የሚለጥፍ ቻናል ስለማስተዳድር ነው። ተማሪው ስለ ሌላ ተማሪ ደስ የሚል ነገር ጽፎ ይልክልኛል፤ የላኪውን ስም የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስሙን አስቀርቼ እለጥፋለሁ። ስጀምረው ደስ ይል ነበር፤ አሁን ግን አንገፍግፎኛል። ሰው ሙገሳውን ያነብና «ማን ነው የጻፈው?» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ሐሜቱ ይከተላል። ሐሜት ስሰርዝ ነው የምውለው።

ጉዳት የደረሰበት ተማሪ በቁመቱ ምክንያት ምሰሶ ይባላል። የፋርማሲ ተማሪ ነው። ከእኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው የዶርም ጓደኛዬም ፋርማሲ ናት፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ይሠራሉ። በመካከላቸው ከዚህ ያለፈ ነገር መኖሩን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። እናትና አባት የላትም፤ ያሳደጋት የዕቃ ማመላለሻ መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ ነው። በዓለም ላይ የምትፈራውም የምትወደውም እሱን ነው።

ባለፈው ሳምንት የቤተ ሙከራ ቡድናቸው ፎቶ ቻናሉ ላይ ወጣ። በዚያ ሙቀት እሷ ብቻ ልብሷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር። ከፎቶው ሥር ስሙን የደበቀ ሰው «ይቺ ልጅ እንዲህ የምትሸፋፈነው ምን ቢኖርባት ነው?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ማን ዝም ይላል? አንዱ ቃጠሎ ነው አለ፣ አንዱ በሽታ ነው አለ፣ ሌላው እዚህ የማይጻፍ ነገር አለ። ሰረዝኩት፤ ያየው ግን አይቶታል። እሷም አይታዋለች። ምሳ አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ስለ እሷ አንድ ሙገሳ ደረሰኝ። «የፋርማሲዋ ልጅ ከትከሻዋ በታች ማርያም የሳመቻት ምልክት አለቻት። እሷ እንደ ጉድለት ትሸፍናታለች። ብታውቀው ግን ታምርባታለች» ይላል። አንጀቴን በላኝና ለጠፍኩት። እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ልብስ ውስጥ ያለን ምልክት ያየ ሰው ልብሷን አውልቃ ያያት ነው ተባለ። ሁልጊዜ አጠገቧ የሚቆመው ማን ነው? ምሰሶ። በቃ፣ ፈረዱበት። ለወንድሟ ማን እንደላከለት አላውቅም፤ ሕፃን ሆና ገላዋን ያጠባት እሱ ስለሆነ ምልክቷ እውነት መሆኗን ያውቃል።

ሰኞ ጠዋት ኮፒ ቤት ውስጥ ወረቀት እያተምኩ ነበር፤ ምሰሶ በሩ ላይ ተራ ይጠብቃል። ወንድሟ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመኪናው ወርዶ «ምሰሶ የሚሉህ አንተ ነህ?» አለው። ምሰሶም «አዎ፣ ነኝ» ብሎ ለሰላምታ እጁን ዘረጋለት። ሰውየው የተዘረጋውን እጅ ይዞ በሌላው እጁ መታው። ምሰሶ ደረጃው ላይ በአገጩ ወደቀ። ወንድሟ አልደገመውም፣ አልሸሸምም፤ ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ቆሞ እጁን ያይ ነበር።

የምሰሶ መንጋጋ ተሰብሮ በሽቦ ስለታሰረ መናገር አይችልም። ትላንት ልጠይቀው ስሄድ ስልኩ ላይ «እኔ አልጻፍኩም» የሚል ጽፎ አሳየኝ። እንደማውቅ ነገርኩት። ለጠያቂው ሁሉ ያሳየዋል፤ የሚያምነው የለም። የተመታው እሱ ሆኖ ሳለ አርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚቀርበውም እሱ ነው፤ የሴት ልጅ ገመና አውጥቷል ተብሎ ከግቢ ሊባረር ነው።

ሙገሳውን የላከው ማን እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ የላከችው ራሷ የዶርም ጓደኛዬ ናት ብያለሁ። ሲደርሰኝ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች ተኝተን ነበር። ስሟን ስልኬ ላይ ሳየው ወደ ታች ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየኋትም፣ እንዳታፍር። ሰው ስለ ራሱ ለምን ይጽፋል ተብዬም ተጠይቄአለሁ። ሌላ የሚጽፍለት ሲያጣ ነዋ። ከሚደርሱኝ ሙገሳዎች ብዙዎቹን የሚልኩት የሚሞገሱት ራሳቸው ናቸው፤ ቆንጆ የሚባሉትም፣ ጎበዝ የሚባሉትም። እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እኔን ግን አንድም ያሞገሰኝ የለም። ይህ አይጻፍ ብዬ ነበር፤ መርማሪው የተነገረ ሁሉ ይጻፋል ብለው ጽፈውታል።

የዶርም ጓደኛዬ ሰኞ ከሰዓት እግሬ ላይ ወድቃ እንዳልናገር ለምናኛለች። ራሷን በራሷ አሞገሰች ብሎ ግቢው ሲስቅባት፣ ወንድሟም በእሷ ምክንያት መታሰሩን ሲሰማ ታያት። «ይህን ለወንድሜ ከምትነግሪው ግደይኝ» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ምሰሶ ስልኩ ላይ የጻፈውን ነገርኳት። ጫማዋን አድርጋ ተከተለችኝ፤ አሁን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ይህ ቃል ለወንድሟ እንዳይነበብ ጠይቄ፣ መነበቡ እንደማይቀር ተነግሮኛል። አዝናለሁ። አንዱን ሳወጣ ሌላዋን ማስገባቴ ነው። ደክሞኛል፤ ቻናሉንም ዘግቼዋለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ከአፌ የወጣው ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የጨመርኩበት የለም፣ ለማንም አዝኜ ያስቀረሁትም የለም።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ከፊርማው በኋላ የታከለ፦ ምስክሯ እንደወጣች የዶርም ጓደኛዋ ገብታ ወረቀቱ እንዲነበብላት ጠየቀች፤ ተነበበላት። ቃሏን ለብቻው እንደምንቀበል ብንነግራትም እዚሁ ሥር በቁሟ የሚከተለውን በእጇ ጽፋ ፈርማለች፦

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምሰሶ ምልክቴን አይቶ አያውቅም። ወንድሜ እዚሁ እንደታሰረ አውቃለሁ። እባካችሁ ይህን ሌላ ሰው አያንብብለት፤ እኔው አነብለታለሁ።»