ዳኛው የሳቱት ጥያቄ

ባቡር ውስጥ ወሬ አልወድም። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ንግግር ስገለብጥ ስለምውል ቅዳሜ ዝም ብዬ መቀመጥ ያምረኛል። በ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ስገባ ግን አቶ ኃይለመለኮት መስኮት ተጠግተው ተቀምጠዋል። ሳያዩኝ ልለፍ ብል፣ “ና እንጂ! ምን ያስበረግግሃል?” አሉኝ። ምን ይደረግ፣ ተቀመጥኩ።

አቶ ኃይለመለኮት አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ደርግ ከወንበራቸው ካነሣቸው ወዲህ ጄኔቫ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሳሉ፤ እኛ ግን ዛሬም “ዳኛው” ነው የምንላቸው። የስደተኛ ማኅበራችን ሰብሳቢም ናቸው። ፊት ለፊታቸው ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ ሰፈር የምትኖረው የጎረቤቴ የወይዘሮ ሕብስት ልጅ፣ ምንትዋብ፣ ተቀምጣለች። ሰኞ ዙሪክ ላይ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስላለባት የመለማመጃ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

ዳኛው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። “ዛሬ ከሰዓት ስብሰባው ላይ ይህን አነባለሁ” አሉኝ። ዙሪክ የሚኖረው አባላችን ሽፈራው ከማኅበሩ ይሰረዝ፣ ማንም ቤቱ እንዳይገባ፣ እሱም ማንም ቤት እንዳይገባ ይላል። ጥፋቱ? ግንቦት ላይ ጄኔቫ፣ የደርግ ኤምባሲ ሲገባ በዓይን ታይቷል።

“የደርግ ጆሮ ነው፤ አለቀ!” አሉ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሽፈራውን ሰላም ማለት ከተውኩ ስድስት ወር ሆኖኛል፤ ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

ዳኛው ወደ ልጅቷ ዞሩ። “ደግሞ ይሄ ክብ በማጥቆር የሚገባበት ሕግ ምን የሚሉት ነው? ሕግ በክርክር ነው፣ በምስክር ነው!”

“እስቲ ጋሼ፣ አንዷን ይሞክሩልኝ” አለችና ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። “አንድ መጋዘን ተዘረፈ። በሩ አልተሰበረም፤ ስለዚህ የሰረቀው ሰው ቁልፍ ነበረው። ዘበኛው ቁልፍ አለው። እንግዲህ የሰረቀው ዘበኛው ነው። የዚህ አስተሳሰብ ጉድለቱ የቱ ነው?”

“ጉድለት የለውም! መጋዘን ሲዘረፍ መጀመሪያ የሚያዘው ዘበኛው ነው።”

“የሚያዘው ነው ወይስ የሰረቀው?”

“አቤት ነገረኛ!” ብለው ሳቁ። ምርጫዎቹን አስነበቧትና፣ “በቃ፣ ‘የዘበኛው ያለፈ ጠባይ አልተገለጸም’ የሚለው ነው” አሉ።

“ስተዋል ጋሼ። መልሱ ‘ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል ዘንግቷል’ የሚለው ነው።”

“ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነገር የለማ!”

“ቁልፍ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው የሚልም አልተጻፈም። እርስዎ ነዎት ከራስዎ የጨመሩት። እኔም እንደዚያ እየጨመርኩ ነበር ግማሹን የምስተው። አሁን ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል? ከቻለ ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው። ዳኮር፣ ተስማማን?”

 እሷ ወረቀታቸውን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አይቆጡኝና… ሰላይ ኤምባሲ ይገባል። ሽፈራው ኤምባሲ ገባ። ሽፈራው ሰላይ ነው። ይሄስ?”

“ይህ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም!” አሉ ፊታቸው ተለዋውጦ። “እዚህ የምንናገረው አዲስ አበባ ቢደርስ የሚታሰሩት እዚያ የቀሩት ወንድሞቻችን ናቸው። አንቺ ብትሳሳቺ ነጥብ ይቀነስብሻል፤ እኔ ብሳሳት ሰው ይሞታል።”

እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም እውነታቸውን ነው እላለሁ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም።

“እሺ፣ እንጠንቀቅ። ምስጢር ፊቱ አናውራ። መጠንቀቅ ሌላ ነው ጋሼ፣ መፍረድ ሌላ። እማዬም አምና የልደት ወረቀቴን ልታስመሰክር እዚያው ገብታለች። እሷስ?”

“ሕብስት? ኧረ በስመ አብ!”

“ሽፈራውን ‘ለምን ገባህ?’ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ?”

ዳኛው እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው፣ ተምሬያለሁ የምለው እኔ ጭምር፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅንም። እንዴት እንዳፈርኩ!

ባቡሩ የበርንን ከተማ አለፈ። ከዚያ ዳኛው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ “አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረ” አሉ። “በስርቆት ስምንት ዓመት ፈረድኩበት። ከሱ ሌላ ማን ይገባ እንደነበር አልጠየቅሁም።” ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደዱት። ዙሪክ ስንደርስም ወደ ስብሰባው አልሄድንም፤ ሦስታችንም ሽፈራው ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ቪዲኮን፣ በትራም ሄድን።

ዛሬ ማኅበራችን፣ ተከሳሹ ራሱ ሳይጠየቅና ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችል እንደሆነ ሳይመረመር በማንም ላይ አይፈረድም የሚል ደንብ አለው። ሐሜቱ በረደ፤ ተኳርፈው የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች ታረቁ። ጥንቃቄያችንም አልላላም፤ እንዲያውም ንጹሑን ስናሳድድ እናጠፋው የነበረውን ጊዜ ለእውነተኛው አደጋ አተረፍነው። ምንትዋብም ፈተናዋን አልፋለች። አንባቢዬ ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት ቢኖር ደስ ይለኛል። እኛን ግን ያስተማረን ደንቡ አይደለም፤ ያን ቀን በር ላይ የሰማነው ነው።

ሽፈራው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ በሩን ከፈተ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ልጄ፣ ኤምባሲ ለምን እንደገባህ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።”

“እናቴ አርፋ ነው” አለ ሽፈራው። “ለቤቷ ጉዳይ ለእህቴ ውክልና መስጠት ነበረብኝ፤ ማኅተሙ ያለው እዚያ ብቻ ነው።” ሦስታችንንም በየተራ አየን። “ከዚያ ስመለስ ለቅሶ ትመጣላችሁ ብዬ ከጎረቤቶቼ አሥራ ሁለት ወንበር ተውሼ ነበር። በሦስተኛው ቀን መለስኩላቸው።”

ዳኛው እዚያው ደፉ ላይ እንደቆሙ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።