ማሽኑ ነው የሞተው

የተከበሩ ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ይህን አዳራሽ አሰናድታችሁ፣ ባለቤቴንም ጠርታችሁ ስለምትሸኙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እሷ እንኳ የመጣችው "ስታመሽብኝ የኖርከው እውነት ሥራ ቦታ ነበር ወይ?" የሚለውን ከእናንተ ልታጣራ ነው። እባካችሁ አደራ!

ንግግር አልችልበትም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከኮምፒውተር ጋር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አያጨበጭብም። ስለዚህ አንድ የሆነ ነገር ላጫውታችሁ። አዲስ የገባችሁ አታውቁትም፤ የቆያችሁትም ደግማችሁ ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

ሥራችን የተጠፋፋ ቤተሰብ ማገናኘት ነው። ሰው ይመጣል፣ ፎቶውን ይሰጣል፣ ለሚፈልገው ዘመዱ ድምፁን ቀድቶ ይሄዳል። ያኔ ያ ሁሉ ፊትና ድምፅ የተቀመጠው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂ የምንይዘውም ትዝ ሲለን ነው።

በኋላ ግን ሙሉ ዲስኩን የሚገለብጥ ሶፍትዌር እንምረጥ ተባለና ተሰበሰብን። ሦስት ቀረቡ። አንዱ መልኩ ያማረ፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ደግሞ ለማየት እንኳ የሚያስጠላ። ሁሉም ዐይኑን መልከ መልካሙ ላይ ጣለ። ይኸው እዚህ ፊት የተቀመጡት መዝጋቢያችን፣ ሁላችንም አክስቴ የምንላቸው፣ እጃቸውን አወጡ።

"መልኩን ልናገባው ነው እንዴ? ይሄ ኮምፒውተር ቢበላሽ ሌላው ላይ ይመልስልኛል ወይ?"

ሞከርን። መገልበጥማ ሦስቱም ይገለብጣሉ። መልሱ ሲባሉ መልከ መልካሙ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ፈጣኑም ከለመድኩት ማሽን ውጪ አላውቅም አለ። መልከ ጥፉው እየተንቀራፈፈ ሁሉንም መለሰ። ሙያ በልብ ነው አይደል የሚባለው?

እኔ "በሳምንት አንዴ ብንገለብጥ ይበቃል" አልኩ። አክስቴ ገላመጡኝ። "ሰው የሚጠፋው በሳምንት አንዴ ነው?" በየቀኑ፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ በዕለቱ የተጨመረው ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ ሆነ።

ማስነሻ ፍላሽ የሚባለውን የሠራው ቴክኒሻናችን ነው። እዚያ ጥግ ካሜራ ይዞ የሚደበቀው፣ ዝምታው የምንለው። የኮምፒውተሩ ዲስክ ቢሞት እንኳ ማሽኑ ከዚያ ፍላሽ ተነስቶ ቅጂውን ይመልሳል። ሠርቶ መሳቢያ ውስጥ አልወረወረውም፤ መጋዘን ካለ አሮጌ ማሽን ላይ ሞከረው። እምቢ አለ። ማሽኑ መጀመሪያ የራሱን ዲስክ ነበር የሚፈልገው። ቅደም ተከተሉን ቀየረለት፣ ተነሳ። "ያልተሞከረ ፍላሽ የቁልፍ መያዣ ነው" አለኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ታናሽ ወንድማቸውን ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው። በዋዜማው ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ከሩቅ መጥቶ ድምፁን ቀድቶ ተመልሷል፤ ታሪኩ ከእሳቸው ጋር ስለገጠመ አክስቴ ደውለው "ይምጡና ድምፁን ይስሙ" ብለዋቸዋል። የሰውየው አድራሻም ሆነ የጎረቤቱ ስልክ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ሊነሳ አልቻለም። ዝምታው ከፈተው፣ አዳመጠው፣ ብቅ ብሎ "ሞቷል" አለን።

እናትዬዋ ከወንበራቸው ተነሱ። "ወንድሜ?" አሉ።

አክስቴ ዘለው አቀፏቸው። "ኧረ የለም! በሕይወት አለ፣ እናቴ! ማሽኑ ነው የሞተው!"

"ማሽን ደግሞ ይሞታል እንዴ?" አሉ እናትዬዋ፤ እያለቀሱ። ዝምታው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እኔስ? እኔ ካቻቢቴ ፍለጋ ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር።

አዲስ ዲስክ አስገባን። የቅጂውን ዲስክና ፍላሹን ሰካን። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ያ መልከ ጥፉ ገጽ ብቅ አለ። እንደዚያን ቀን ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም! ቅጂው ይመለስ ጀመር። እናትዬዋ ከጎናችን ተቀምጠው "ደረሰ?" ይላሉ፣ አክስቴ "እየመጣ ነው" ይላሉ፤ ልክ መንገደኛ እንደሚጠብቁ።

ምሳ የበላ የለም። ከሰዓት በኋላ አለቀ። የሽማግሌው ድምፅ እንዳለ ነው። አክስቴ ከፈቱት።

"እትዬ፣ ይሄን ከሰማሽ… በግርግሩ ቀን በራችን ላይ አስቀምጠሽኝ፣ 'ከዚህ እንዳትነቃነቅ' ብለሽኝ ነበር። ፈራሁና ተነቃነቅሁ። ይቅር በይኝ።"

እናትዬዋ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱት። "ምን ታደርግ፣ የኔ ጌታ" አሉት። "ልጅ ነበርክ እኮ። እኔም ቶሎ አልመጣሁልህም።"

በሳምንቱ እዚሁ ቢሮ ተገናኙ። ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላየሁም፤ ዐይኔ አልታዘዘኝም። ከዚያ በኋላ ቅጂያችን በሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ ማስነሻ ፍላሹም በየጊዜው ይሞከራል።

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ሌላ ሶፍትዌር ልትገዙ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ግዙ፣ ያረጀ ነገር ይለወጣል፤ እኔንም ይኸው እየለወጣችሁኝ ነው። ብቻ ሻጩ ስለ መገልበጥ ሲያወራላችሁ "እስቲ መልሰህ አሳየን" በሉት። ዲስክ መሞቱ አይቀርም። ሰዎቹ ግን አደራ ያሉት እናንተን ነው።

አክስቴ፣ ስለቆጡኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዝምታው፣ ደህና ሁን፤ አንዳንዴ እንኳ ደውል፣ እኔ አወራለሁ።

በሉ መርቄያችሁ ልቀመጥ። ያገናኛችሁት አይለያይ። ጤናው፣ ፍቅሩ፣ ሥራው አይጉደልባችሁ። ልጆቻችሁ ከዐይናችሁ አይራቁ፤ ቢርቁም መመለሻው መንገድ አይጥፋቸው። የሚጠራችሁ አትጡ፤ እናንተም ስትጣሩ "አቤት!" የሚላችሁ ይኑር።