ሁሉን የሚያስጾመው ደግ ሰው

«እንደምን ዋልሽ፣ እታለሜ? መንገዱስ እንዴት ነበር? ከእብናት ተነስቶ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር መግባት እኮ ቀላል አይደለም… ወገቤን፣ ወገቤን አያሰኝም? እህሉስ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? ማሽላው አሸተ? ከብቱ ደኅና ነው? ነይ፣ ነይ እዚህ ፀሐዩ ላይ ተቀመጪ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ለእንግዳ አያዝንም።»

ይህን የሚሉት ወይዘሮ ሠርካለም ናቸው። ሰባውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጥርሳቸው ከፊሉ ሄዷል፤ ምላሳቸው ግን አንድም ቀን ታማ አታውቅም። የተቀመጡት ከአንድ ባላባት ተወርሶ የአረጋውያን መጦሪያ በሆነ ግቢ ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ነው። እንግዳዋ ወይዘሮ ጌጤ ይባላሉ። ልጃቸውን ለትዳር የጠየቀ ሰው አለ፤ ሽማግሌም ልኳል። ሰውየው የዚሁ መጦሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ወይዘሮ ጌጤም «ቤቱንና ሥራውን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው ይኸው መጡ።

ኃላፊው በማለዳ ወይዘሮ ሠርካለምን ለብቻቸው ጠርቶ፣ «እማማ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ። እርስዎ ንግግር ያውቃሉ፤ ስለኔ መልካሙን ይንገሩልኝ። የእማማ ሩቅያን ነገር ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ» ብሏቸዋል።

የሩቅያ ነገር አንድ ኩባያ ወተት ነው። ሩቅያ ይፋግ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ሲነግዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው እዚህ የገቡ፣ የወይዘሮ ሠርካለም የአልጋ ጎረቤት ናቸው። ከመስቀል ወዲህ አቅም አጥተው ተኝተዋል። ወይዘሮ ሠርካለም ወተቱን ለምነው፣ ተቆጥተው፣ አልቅሰው አይተውታል፤ ሁሉም አልሠራም። የቀራቸው ማመስገን ብቻ ነበር። ሩቅያን እንደ እኅታቸው ይወዷቸዋል፤ እንዳይሞቱባቸው ይፈራሉ። ስለዚህ ወተቱ እስኪመጣ ድረስ ሊያመሰግኑ ቆርጠው ተቀምጠዋል።

ኃላፊው ደግሞ በረንዳው ላይ ሬዲዮን ከፍቶ፣ የማይሰማ መስሎ ተቀምጧል። ምስጋናው እንዳያመልጠው ግን የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርጎታል።

«እኔማ ሰው ማማት አልወድም፤ ስም መጥራትም አልወድም። ስም ጠርቼ ባመሰግን አሽቃባጭ ያሰኘኛል። እንዲያው አንድ ሰው አለ ልበልሽ… አንድ ደግ ሰው። ጌታዬ ነው እንዳልል ጌታ መባባል ቀርቷል፤ ጓዴ ነው እንዳልል አንድም ቀን አብረን አልበላን። ብቻ ደግ ነው። የወለደችው እናቱ እንኳ እንዲህ ደግ መሆኑን የምታውቅ አይመስለኝም።

«ይህን ብርድ ልብስ አየሽው? ዳስሺው እስቲ። አዲስ አይደል? ከመጣልን ዓመት አልፎታል። ታዲያ እንዴት አዲስ ሆኖ ቀረ ትይኝ ይሆናል… ቆልፎ ነዋ የሚያኖርልን! እኛስ ያው አርጅተናል፣ ምንም አይደረግም፤ ብርድ ልብሱ እንኳ እንዳያረጅ ብሎ ነው። ዛሬ ጧት ገና አወጣልን። የአንቺ እግር እንዴት ያለ የበረከት እግር ነው! ምናለ ቶሎ ቶሎ ብትጠይቂን? በተለይ በሐምሌ…»

ወይዘሮ ጌጤ ብርድ ልብሱን ዳሰሱት፤ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀም።

«ጾማችንንማ አልነገርኩሽም። ነፍስ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ "ሠርካለም፣ አሁንስ አርጅተሻል፣ ወተትሽን ጠጪ፣ እግዜር አይቀየምሽም" ይሉኝ ነበር። እኔም እሳቸው የወደዱኝ መስሎኝ ስጠጣ ኖርኩ። ለካ ለነፍሴ አያስቡልኝም ኖሯል! ለነፍሴ የሚያስብ ሰው ያገኘሁት እዚህ ከገባሁ ወዲህ ነው።

«ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ አለን። እዚያ ላይ "እግዜር የሚባል የለም" ብሎ ያስተምረናል። እኛም እናጨበጭባለን… በዚህ ብርድ እጃችን ይሙቅ ብለን። ረቡዕ ሲደርስ ወተት ስንጠይቀው "እንዴ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" ይለናል። ሰኞ እግዜር የለም፤ ረቡዕ ግን ጾም አለ! እስቲ አንቺ ፍረጂ… የሌለ እግዜርን ጾም እንዲህ አድርጎ የሚያስከብር ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እግዜር ቢኖርለት ኖሮማ ምን ያህል በተደሰተበት!

«በዓለ ሃምሳን መቼም ታውቂያለሽ። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወቅት ነው። እሱ አስጾመን! እኒያ እዚያ ጥግ የሚያንቀላፉትን ዓይነ ስውር ቄስ ታዪያቸዋለሽ? አባ ወልደጊዮርጊስ ይባላሉ። "ኧረ ልጄ፣ በዚህ ወቅት መጾም ክልክል ነው" ቢሉት፣ "ይህ የአድኃሪ አስተሳሰብ ነው" አላቸው። አባም ጾሙ። እስከ ዛሬ ድረስ ኃጢአቱን ምን ብለው እንደሚናዘዙት ጨንቋቸዋል። "ጾም ገደፍኩ" ያለውን ስንቱን አናዝዘዋል፤ "ጾሜ በደልኩ" የሚል ግን ከራሳቸው በቀር አልገጠማቸውም።»

ከበረንዳው በኩል ጉሮሮ ተጠረገ። ወይዘሮ ሠርካለም አንገታቸውን ወደዚያ ዘወር አድርገው፣ እንደ ሙሽራ እናት በደስታ ፈገግ አሉና ቀጠሉ።

«ሩቅያስ? እስላም ናት ብሎ የተዋት መሰለሽ? ምን ቆርጦት! "ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው፤ በዚህ ግቢ ልዩነት የለም" አለ። እኔ ሞኟ እኩልነት ማለት እኩል መብላት ይመስለኝ ነበር። ለካስ እሷ የኔን እንድትጾም፣ እኔ የእሷን እንድጾም ኖሯል! ሁዳዴን ከኔ ጋር ጾመች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እኔን "እማማ፣ እህትዎ እየጾሙ እርስዎ ሊበሉ ነው?" አለኝ። አፈርኩ። ጾምኩ። እሱ ራሱስ ትይኝ እንደሆን… እሱማ የኃላፊነት ሥራ አለበት።

«ምሽት ላይ ሩቅያ ልታፈጥር ወተት ስትል፣ ለካ በረመዳኑ መጨረሻ ፍልሰታ ገብቶበታል! በቃ፣ ቀን ቀን በእሷ ሃይማኖት ጾምን፣ ማታ ማታ በኔ ሃይማኖት ጾምን። ኢዱ ፍልሰታ ላይ ዋለ፤ በሽሮ ፈሰክነው። አረፋ ሲመጣ ደግሞ ጽጌ ገባ። ጽጌ መቼም ግዴታ የለበትም፣ በፈቃዱ ለሚጾም ነው። እሱም ፈቃደኛ ሆነ… እኛ እንድንጾም ፈቃደኛ ሆነልን።»

ሬዲዮኑ ድንገት ከፍ አለ። የሰልፍ መዝሙር ግቢውን ሞላው፤ አባ ወልደጊዮርጊስም ከእንቅልፋቸው ባንነው አማተቡ። ወይዘሮ ሠርካለም ግን በወጣትነታቸው በለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ከመዝሙሩ በላይ አነሱት።

«ዘፈን ይወዳል ደግሞ! ላሚቱን አየሻት? እዚያ ከአጥሩ ሥር የምታመሰኳዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት? ቦራ ትባላለች። የጋሳይ ገበሬዎች "አሮጌዎቹ ይጠጡ" ብለው እስከዚህ ድረስ ነድተው ያመጡልን ናት። ቦራ እንግዲህ እንስሳ ናት፣ ጽጌም ረመዳንም አታውቅም፤ ጧትና ማታ ትታለባለች። ታዲያ ያ ሁሉ ወተት ፈሰሰ ወይ ብለሽ እንዳትጨነቂ… እሱ አለልን እኮ! እኛ እንዳንገድፍ ብሎ እሱ ብቻውን ይገድፍልናል። የዚህን ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ኃጢአት በአንድ ሆዱ ሲሸከም ሳይ አንጀቴን ይበላዋል።

«ፊቱንስ ልብ ብለሽ አይተሽዋል? በጾም ወራት እንዲህ የሚያበራ ፊት እኔ ያየሁት በቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱሳን ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን አስረጅቶታል። ባለፈው ጧት ከቤቱ ሲወጣ ጢሙ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። "ምስኪን፣ ለእኛ ሲጨነቅ ሸበተ" ብዬ አዘንኩለት። ወዲያው ምላሱን አውጥቶ ላሰው… ጠፋ! ተልሶ የሚጠፋ ሽበት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የራሴን ብልሰው፣ ብልሰው እንዲያው ነው።

«የሱን ድመት ሳታዪ ደግሞ እንዳትሄጂ። አይጥ በፊቷ ሲያልፍ አንገቷን ዘወር አድርጋ "ይለፍ" የምትል፣ ጨዋ ድመት ናት። የእኛ ክፍል አይጦች ደግሞ፣ እንዲያው እነሱን ማየት ነው፣ ከኛ ጋር ሲጾሙ ከስተው በበሩ ሥር እንደ ክር ሹልክ ይላሉ።»

ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አይታወቅም፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። ሬዲዮኑ መልሶ ዝቅ አለ፤ ሰውየው የሚባለውን ካልሰማ ይበልጥ የሚከፋ መስሎት ይሆናል።

ወይዘሮ ሠርካለም ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ሩቅያ እዚያ ውስጥ ናት። ተነስታ ባለመቀበሏ እንዳትቀየሚያት። ከጤና ጣቢያ ድሬሰሩ መጥቶ አያትና፣ "መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ ወተት ስጧት" ብሎ ሄደ። ልጅ ነው… ጽጌ መሆኑን አላወቀ። ትናንት እጄን ይዛ "ሠርኬ፣ እኔ ስሞት ከማን ጋር ታወሪያለሽ?" አለችኝ። "የት ልትሄጂ ነው!" አልኳት፤ "ገና የነቢያት ጾም እየመጣ፣ ለኔ ብቻ ጥለሽው ልትሄጂ?" ሳቀች። ሳቋ እንኳ ከስቷል፣ እታለሜ። እኔ ደግሞ ያለ እሷ ሳቅ እዚህ ቤት ውዬ ማደር አልችልም።

«ይህን የምልሽ ላማርር አይደለም። ልጅሽ ምን ዓይነት ቤት እንደምትገባ እንድታውቂው ነው። ምን ታጣለች? ወጥ ልሥራ፣ ቅቤ ላንጥር ብላ አትለፋም። "እርጉዝ አትጾምም" የሚሉ ቄሶች አሉ፤ እሱ ግን ቄስ ሰምቶ አያውቅም። የልጅ ልጆችሽም ገና በአራስ ቤት ጾም ይለምዳሉ። ደግሞ ልጅሽ ስታጠባ "ዛሬ ረቡዕ ነው" የሚል አባት… ስንቱ ልጅ ያገኛል? ልጅሽ ዕድለኛ ናት። እኔ የሷን ዕድል ሳስበው እንባዬ ይመጣል።»

ወይዘሮ ጌጤ ከነጠላቸው ውስጥ ወጡና ቀና ብለው ወደ በረንዳው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ሬዲዮኑ ጠፋ።

ኃላፊው ብድግ አለ። ወደ ቤቱ ገባ። ተመልሶ ሲወጣ በሁለት እጁ አፉ ድረስ የሞላ ኩባያ ይዟል። ወተቱ እየተንቦጫረቀ ጫማው ላይ ይፈስሳል፤ እሱም እንደ ዲያቆን ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳያይ በሁለቱ ሴቶች ፊት አልፎ ሩቅያ ወደተኙበት ክፍል ዘለቀ። በዚያ ዓመት ጽጌ ደብረ ታቦር ላይ ያለ ጊዜው ተፈታ። ከውስጥ የደከመ «ቢስሚላህ» ተሰማ፤ ከዚያም የመጎንጨት ድምፅ።

ወይዘሮ ሠርካለም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ እንግዳዋ ወደ እብናት ሲመለሱ፣ ብርድ ልብሱም ወደ ሣጥኑ፣ ወተቱም ወደ ጢሙ ይመለሳል። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ከአጠገባቸው ቆሟል። ፈገግ ብሏል። ኩባያውን ስላመጣ ክፉው ነገር ያለፈለት መስሎታል፤ የሚቀረው ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደግሞ ምን ክፉ አለው?

ወይዘሮ ሠርካለም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። እንግዳዋም ተነሱ፤ ለመመረቅ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ እታለሜ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ። ደክመሽ መጥተሽ ጠይቀሽናል፣ እግዚአብሔር ይጠይቅሽ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ጎተራሽን ይሙላልሽ። ከብትሽን ያርባልሽ። ልጅሽን ያሰብሽላት ቦታ ያድርስልሽ። አንቺንም እንደኔ ዘመድ አልባ አያድርግሽ። ጉልበትሽ ሲደክም፣ ዓይንሽ ሲፈዝ፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ…

«ኧረ ምን ብዬ ነው የምለምንልሽ! ጧሪሽ ይኸው በእግሩ ቆሞልሽ የለም እንዴ? አማች ማለት ልጅ ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ አይሰድሽም፤ እዚሁ እኛ ያለንበት ያስገባሻል። እግዚአብሔር ከዚህ ደግ ሰው እጅ አያውጣሽ። በሱ እጅ ያስረጅሽ።

«…አሜን በይ እንጂ፣ እታለሜ።

«ምነው? እጅሽን ምን አሳጠፈሽ?»