የዋና ዓቃቤ ሕጓ አሥራ አንድ ደቂቃ

በየካቲት 2020 አንድ እሑድ፣ የክፍለ ግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ ላስ ቬጋስ ወደሚገኝ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መጥታ አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረች። ያስተረጎመላት ዘውገ ነበር። እትዬ ላቀች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጠበቃ ነኝ ያለ ሰው የልጃቸውን የእምነትን የቪዛ ወረቀት ይዞ ተሰውሮባቸዋል። ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ወረቀቱ ካልተገኘ፣ ለዓመታት ወደሚያስጠብቀው የቪዛ ሰልፍ ትዛወራለች። "ለእኔ ተዉት" የሚለውን በዘውገ ትርጉም ሲሰሙ እልል አሉ፤ ለማንም ሳያመለክቱ ተዉትም።

በሰኔ 2021 ዘውገ እትዬ ላቀችን ፓራዳይዝ ከሚባለው ሰፈር ወደ ሆቴል የሥራ ፈረቃቸው በመኪናው እያደረሰ ነበር። እምነት ሃያ አንድ ከሞላት ሁለት ወሯ ነው።

"ኤሲው በዛብዎት እንዴ፣ እትዬ? ልቀንሰው... መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ ፋራናይት ነው አሉ ዛሬ። በዚህ ሙቀት ፈገግ የሚል ሰው አለ ቢባል ያምናሉ? ያው የምርጫ ቢልቦርዱ ላይ! ያኔ የመጡልን እመቤት... እንዴት አምሮባቸዋል! አሁን ደግሞ ለአገረ ገዥነት ነው። ምክትል ነበሩ፣ ዋና ሆኑ፣ ነገ ደግሞ... እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉን ነበር፤ እዚህ አገር ለካ ሊፍት አለው።

ቅን ሰው እኮ ያስታውቃል። ነጠላ ሲደረብላቸው ትከሻቸውን ዝቅ አላደረጉም? ከእርስዎ ጎን ቆመው ፎቶ አልተነሡም? ድረ ገጻቸው ላይ አለ... ፊትዎ በግማሽ ተቆረጠ እንጂ። ሥራ የበዛበት ሰው ሙሉ ፊት ከየት ያምጣ?

ታዲያ ቢረሱን ይፈረድባቸዋል? ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ሰው ለእኔ ተዉት ያለውን ሁሉ ሊያስታውስ ነው?

ደግሞ አነጋገራቸው! አንድ ዐረፍተ ነገር ይላሉ፣ በአማርኛ ሦስት ሆኖ ይወጣል። እርሳቸው እጃቸውን ኪስ ከተው ሲያወሩ ያ አስተርጓሚ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። እኔን ማለቴ አይደለም... ያንን ማይክ የያዘውን ነው። የፓስተሩን ስብከት ሲያስተረጉም የለመደበት፣ እሳት ካልጨመረበት የተረጎመ አይመስለው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ሻንጣ ሲጭን ይከርምና፣ እሑድ ማይክ ሲሰጡት የመንግሥት አፍ ይሆናል። ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ይቀራል፤ እርሱ ግን ወተቷን አልቦ አጠጣን! 'አሜን' ያላለ ማን ነበር?... የታደለ ሰው ነው። ምላሱ ቀድሞት ይደርሳል።

ደረስን፣ እትዬ። ቀስ ብለው ይውረዱ። እመቤቲቱንም እግዚአብሔር ከፍ ያድርጋቸው፣ ወንበራቸውን ያስፋላቸው... በሄዱበት ሁሉ እንደዚያ ቀን ያለ አስተርጓሚ አያሳጣቸው!"

እትዬ ላቀች በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ዘውገ ይህን ሲናገር የዚያን እሑድ ቪዲዮ ካየ ሦስት ቀኑ ነበር። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ያለችው፣ "የተታለለ ሰው ቅሬታውን ጽፎ ለቢሮዬ ይላክ፤ በጽሑፍ ካልደረሰኝ ምንም ማድረግ አልችልም" ነው። የቀረው፣ "ለእኔ ተዉት" የሚለውም ጭምር፣ የዘውገ ነው።