ምንም የማይጥል አውሮፕላን

ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ ከኮምፒውተር ማሸጊያ ነጭ ፎም ቆርጬ፣ ክንፉን በኮላ አጣብቄ፣ ሞተር ገጥሜ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ሠራሁላችሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ አጨዳ ባለቀበት ማሳ ላይ ሳስነሳው፣ በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ በደረታቸው ተደፉ። ያማቸው መስሎኝ አውሮፕላኑን አሳርፌ ሮጥኩ። ላነሳቸው ጎንበስ ስል እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ «የሚጥልብን ነው ወይስ የሚጥልልን?» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«በጦርነቱ ጊዜ አንዱ አውሮፕላን ቦምብ ጣለብን። በድርቁ ጊዜ ደግሞ ሌላው መጥቶ ስንዴ ጣለልን። ያኔም ያው ቦምብ መስሎን ተደፍተን ነበር። ድምፁ አንድ ነዋ።»

እኔ ለጨዋታ ብዬ የሠራሁት ነው። «የኔው ምንም አይጥልም፤ ዝም ብሎ ነው የሚበር» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ተነሡና የጋቢያቸውን አቧራ አራገፉ። «እንግዲያው አስነሳው ልጄ። እስካሁን አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም።»

አስነሳሁት። ባትሪው እስኪደክም ድረስ አላሳረፍኩትም።