አንድ ትልም በባርን ሲለካ

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ ከጎናቸው ያለችውን ተማሪ ደብተር አጮልቀው ያያሉ።

«ልጄ፣ ምኑን ነው የምትለኪው?»

«ኒውክለስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ አባባ። ስፋቱ የሚለካው ባርን በሚባል በጣም ትንሽ መለኪያ ነው።»

«መሬትስ በሱ ይለካል?»

«ኧረ አይለካም። መሬት በሄክታር ነው።»

«በሄክታር ለክተው አይደል ያቃጠሉኝ። ጎረቤቴ አንድ ትልም ድንበር ገፋብኝ ብል፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ‹በሄክታር ሲጻፍ ዜሮ ነው› አለኝ። እስቲ በባርን አስዪልኝ።»

«ምንም አይጠቅምዎትም እኮ።»

«አስዪልኝ አልሁሽ። ርዝመቱ አርባ ሜትር፣ ወርዱ ሩብ ሜትር።»

በረጅሙ ተንፍሳ አሰላች።

«አንድ ቁጥር፣ ከኋላው ሃያ ዘጠኝ ዜሮ።»

«ይኼን ሁሉ ወስዶብኝ ነው ዜሮ የሚሉኝ?»

«አባባ፣ መሬቱ እኮ አልጨመረም። ያው አንድ ትልም ነው።»

«ያው መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቁት እነሱ ናቸው። በይ ዜሮዎቹን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።»

እኔም ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከደምበጫ ጀምሮ በክርኑ እየገፋ የወሰደብኝን ወንበር በዓይኔ መለካት ጀመርሁ።